የደም ሥርን ምስጢር የተከተሉ ሐኪም

ጋዜጠኝነት የሚማር ልጅ ስለ ቀዶ ጥገና ሐኪም መጻፉ ምን ይባላል የሚል አንባቢ አይጠፋም። በዚህ ቡለቲን የተለመደው ስለ ደራሲ፣ ስለ አርበኛ ወይም ስለ ፖለቲከኛ መጻፍ ነው። እኔ ዶክተር ጁዳ ፎልክማንን የመረጥኩት ግን አስቤበት ነው። እኚህ ሰው አንዲት ጥያቄ ይዘው ከአርባ ዓመት በላይ ሲፈትኑ የኖሩ፣ በኋላ ደግሞ አንድ የጋዜጣ ዜና ሳይፈልጉት የዓለም መነጋገሪያ ያደረጋቸው ሰው ናቸው። በሕይወታቸው ውስጥ ሳይንሱም አለ፣ የእኛም ሙያ አለ። ለቫይረስ የታሰበ አንድ መድኃኒት በደም ሥር ላይ ምን እንደሚሠራ የተፈተነበት ታሪክም እዚያው ውስጥ ይገኛል። ወደ ታሪኩ ልግባ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።)

የረቢው ልጅ

ጁዳ ፎልክማን በ1933 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ክሊቭላንድ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ረቢ፣ ማለትም የአይሁድ እምነት መምህር ነበሩ። አባት የታመሙ ምእመናንን ለመጠየቅ ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ ልጃቸውንም ይዘው ይሄዱ ነበር። ልጁ አባቱ አልጋው አጠገብ ቆመው ሲጸልዩ ያያል። ሐኪሞቹ ደግሞ ለበሽተኛው በእጃቸው የሚያደርጉለት ነገር እንዳላቸው ያያል። በዚህ ምክንያት እንደ አባቱ ረቢ ሳይሆን ሐኪም መሆን እንደሚፈልግ ተናገረ። አባትየው አልተቆጡም። ሐኪም ሆኖም እንደ ረቢ ለበሽተኛው የሚራራ ሰው መሆን እንደሚቻል ነግረው መረቁት። ይህቺ ምክር እስከ መጨረሻው አብራቸው ኖራለች።

ፎልክማን በ1953 ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ በ1957 ደግሞ ከሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቁ። ገና ተማሪ እያሉ በሰውነት ውስጥ የሚቀመጥ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ በመሥራት ሥራ ላይ ተሳትፈዋል። በዚያው በ1957 በለንደን አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች ኢንተርፌሮን የሚባለውን ንጥረ ነገር አገኙ። ኢንተርፌሮን ሰውነታችን ቫይረስ ሲገባበት ራሱ የሚያመነጨው መከላከያ ነው። የለንደኑ ግኝትና የቦስተኑ ተመራቂ በዚያን ጊዜ የሚያገናኛቸው ነገር አልነበረም። ስሙን ግን ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

የባሕር ኃይሉ ላቦራቶሪ

በ1960 ፎልክማን ለውትድርና አገልግሎት ተጠርተው ቤተስዳ በሚገኘው የባሕር ኃይል የሕክምና ማዕከል ተመደቡ። ሥራቸው ለረጅም ጊዜ በባሕር ላይ ለሚቆዩ መርከቦች የሚሆን የደም ምትክ መፈለግ ነበር። ከባልደረባቸው ፍሬደሪክ ቤከር ጋር ሆነው ታይሮይድ የሚባለውን የጥንቸል የአንገት ዕጢ ከሰውነት አውጥተው በመስታወት ዕቃ ውስጥ ያኖሩታል፤ የሠሩትን ፈሳሽም በውስጡ ያዘዋውራሉ። ዕጢው በሕይወት መቆየቱን ካዩ በኋላ ካንሰርስ ያበቅል ይሆን ብለው የአይጥ የካንሰር ሴሎችን ጨመሩበት።

ካንሰሩ ማደግ ጀመረ። የመርፌ ራስ ሲያክል፣ ማለትም ወደ አንድ ሚሊሜትር ሲጠጋ ግን ቀጥ አለ። ሞቶ ይሆን? አልሞተም። አውጥተው ሕይወት ወዳለው አይጥ ሲያዛውሩት እንደ ልማዱ ገሰገሰ። ልዩነቱ ምን ነበር? በአይጡ ሰውነት ውስጥ አዳዲስ ደም ሥሮች ወደ እባጩ ይበቅላሉ፤ በመስታወቱ ዕቃ ውስጥ ግን አይበቅሉም። ደም ሥር የሌለው ካንሰር ምግብና ኦክስጅን ስለማያገኝ ትንሽ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። የፎልክማን የዕድሜ ልክ ጥያቄ የተወለደችው ከዚህች ሙከራ ነው።

እዚያው ባሕር ኃይል ሳሉ ሌላም ነገር አይተዋል። ከዴቪድ ሎንግ ጋር ሆነው መድኃኒት በሲሊኮን ጎማ ውስጥ ተቀምጦ ቀስ እያለ ሊወጣ እንደሚችል አሳዩ። ይህ ግኝት በኋላ ኖርፕላንት ለተባለው በክንድ ለሚቀበር የወሊድ መከላከያ መሠረት ሆነ። በአገራችን ጤና ጣቢያዎች እናቶች ክንዳቸው ላይ የሚያስቀብሩት መከላከያ የዚያ ሐሳብ የልጅ ልጅ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ስማቸውን ሰምተን የማናውቀው ሰው ሥራቸው እኛም ሰፈር ደርሷል እኮ!

ማንም ያላመነው ሐሳብ

በ1967፣ ገና በ34 ዓመታቸው፣ ፎልክማን የቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ኃላፊ ሆኑ። ለአንድ ወጣት ሐኪም ይህ ትልቅ ክብር ነው። እርሳቸው ግን ቀን ሕፃናትን እያከሙ፣ በቀረው ጊዜ ላቦራቶሪያቸው ውስጥ የካንሰርን ደም ሥር መከታተል ቀጠሉ። በኅዳር 1971 ሐሳባቸውን በታወቀ የሕክምና መጽሔት አወጡ። ካንሰር አዳዲስ ደም ሥሮችን የሚጠራበት ኬሚካላዊ መልእክት አለው፤ መልእክቱን ማገድ ከተቻለ ካንሰሩን ባለበት ማስቆም ይቻላል የሚል ነበር። የደም ሥር መብቀልን ሳይንቲስቶች አንጂዮጄኔሲስ ይሉታል።

ታዲያ ማን ሰማቸው? ብዙዎቹ ተመራማሪዎች በእባጭ ዙሪያ የሚታየው ደም ሥር ቁስለት የሚያመጣው ተራ ነገር ነው ብለው ያምኑ ነበር። የምርምር ገንዘብ ሲጠይቁ ይከለከላሉ፤ በስብሰባ ላይ ለመናገር ሲነሡ ከአዳራሹ የሚወጡ ነበሩ። ቀዶ ጥገና የሚሠራ ሰው ላቦራቶሪ ውስጥ ምን ይሠራል የሚልም አልጠፋም። በ1974 ሞንሳንቶ የተባለው ኩባንያ ለሃርቫርድ ወደ 23 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ሲስማማ የፎልክማን ላቦራቶሪ ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ነበር። በዚያን ዘመን ዩኒቨርሲቲ ከኩባንያ ይህን ያህል ገንዘብ መቀበሉ ያልተለመደ ስለነበር ሌላ ወቀሳ አመጣባቸው። በ1981 ደግሞ የቀዶ ጥገና ኃላፊነታቸውን ትተው ሙሉ በሙሉ ወደ ምርምሩ ገቡ። እስቲ አስቡት፤ የተከበረ ወንበር ትቶ ማንም ወዳላመነበት ሥራ መግባት ቀላል ነው?

ደም ሥር እንዴት ይፈተናል?

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የፈተናውን ነገር ማብራራት እፈልጋለሁ፤ የሳይንስ ዜና ስንጽፍ ብዙ ጊዜ የምንዘለው ይህንን ነው። አንድ መድኃኒት ደም ሥር እንዳይበቅል ያግድ እንደሆነ ለማወቅ የፎልክማን ላቦራቶሪ በየደረጃው የተለያዩ መፈተኛዎችን ይጠቀም ነበር።

አንደኛው የጥንቸል ዓይን ነው። ኮርኒያ የሚባለው ጥርት ያለው የዓይን የፊት ሽፋን በተፈጥሮው ደም ሥር የለውም። ስለዚህ ትንሽ የካንሰር ቁራጭ ቢቀበርበት፣ የሚመጣው ደም ሥር ሁሉ አዲስ መሆኑ ይታወቃል፤ በየቀኑ ርዝመቱን መለካት ይቻላል። ሁለተኛው ጫጩት የያዘ እንቁላል ነው። ጫጩቱን የከበበው ስስ ሽፋን በደም ሥር የተሞላ ስለሆነ መድኃኒቱ ጠብ ያለበት ቦታ ሲራቆት በዓይን ይታያል። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአገራችን ተረት ለእነዚህ ሰዎች ሥራ የተነገረ ይመስላል። ሦስተኛው ሴሎቹን ራሳቸውን በሳህን ማሳደግ ነው። እንደ ፀጉር የቀጠኑትን ደም ሥሮች የሚሠሩትን ሴሎች ከሰውነት ውጪ ለረጅም ጊዜ ማቆየት ከባድ ነበር። በ1979 ፎልክማንና ባልደረቦቻቸው ይህን ማድረግ መቻላቸውን አስታወቁ።

ላቦራቶሪው ሰው አፍርቷል። ሮበርት ላንገር የተባለው ወጣት ኢንጂነር በ1974 መጥቶ፣ ትላልቅ ሞለኪውሎችን ቀስ አድርጎ የሚለቅ ፕላስቲክ ሠራ፤ በዚህም ከልምዝ አጥንት የተገኘ ደም ሥር አጋጅ ንጥረ ነገርን በጥንቸል ዓይን ላይ መፈተን ተቻለ። ይኸው ላንገር በ2010 ሞደርና የተባለውን፣ በኮሮና ጊዜ በክትባቱ የታወቀውን ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ነው። ማይክል ክላግስብረንና ዩየን ሺንግ ደግሞ ደም ሥርን ከሚጠሩት መልእክቶች አንዱን ለይተው በ1984 አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ በአዳራሹ የሚቀመጠው ሰው እየበዛ ሄደ።

የፀረ-ቫይረሱ መድኃኒት ሌላ ሥራ

አሁን ወደ ኢንተርፌሮን እንመለስ። በ1980 ዳንኤል ብሩቲ-ቧዬና ብሩስ ዜተር ኢንተርፌሮን በሳህን ላይ የሚንቀሳቀሱ ሴሎችን፣ የደም ሥር ሴሎችንም ጭምር፣ እንደሚያዘገይ አሳዩ። ዜተር የፎልክማን ባልደረባ ነበር። ደም ሥር የሚበቅለው ሴሎቹ ከቦታቸው ተነሥተው ወደ ጠራቸው መልእክት ሲጓዙ ስለሆነ፣ ጉዞአቸው ከዘገየ መብቀሉም ይዘገያል ማለት ነው። በ1987 ሌሎች ተመራማሪዎች በአይጥ ላይ ፈትነው ኢንተርፌሮን የደም ሥርን መብቀል እንደሚገታ አረጋገጡ። ቫይረስን ለመከላከል የተፈጠረ ነገር ደም ሥርንም ያግዳል ብሎ በለንደን በ1957 ማን ጠበቀ?

ፈተናው ከላቦራቶሪ የወጣው በዴንቨር ከተማ ነው። አንድ ታዳጊ ልጅ በሳንባው ውስጥ ደም ሥሮች ያለ ልክ እየበቀሉ ሊገድሉት ደርሰው ነበር። ሐኪሙ ካርል ዋይት ከፎልክማን ጋር ተማክሮ ኢንተርፌሮን ጀመረለት። ልጁ ተሻለው፤ ውጤቱ በ1989 ታተመ። ደም ሥር እንዳይበቅል በማሰብ ሰው ታክሞ የተሳካበት የመጀመሪያው ታሪክ ይህ ነው።

ቀጥሎ የሕፃናቱ ተራ ሆነ። ሄማንጂዮማ የሚባለው በሕፃናት ቆዳ ወይም በውስጥ አካላቸው የሚወጣ የደም ሥር ክምችት ነው። አብዛኛው በራሱ ጊዜ ይከስማል። ጥቂቱ ግን ዓይን ይጋርዳል፣ ትንፋሽ ይዘጋል፣ ልብ ያደክማል። አለን ኢዘኮዊትዝ፣ ጆን ሙሊከንና ፎልክማን ሌላ መድኃኒት አልመልስ ያላቸውን 20 ሕፃናት በየቀኑ በኢንተርፌሮን መርፌ አከሙ። በ1992 እንዳሳተሙት በ18ቱ ላይ እብጠቱ በግማሽ ወይም ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ ይህም በአማካይ 7.8 ወር ፈጅቷል። መድኃኒቱ ለካንሰር ይሰጥ ከነበረው ከፍተኛ መጠን ይልቅ ዝቅ ባለ መጠን፣ ግን ሳይቋረጥ፣ ለረጅም ጊዜ መሰጠቱ ለፎልክማን ትልቅ ትምህርት ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይላል። ግን አላለቀም። በኋላ በኢንተርፌሮን ከታከሙት ሕፃናት አንዳንዶቹ እግሮቻቸው የመገተርና የመድከም ችግር እንዳጋጠማቸው ሐኪሞች ዘገቡ። በሰኔ 2008 ደግሞ በፈረንሳይ ቦርዶ ከተማ ያሉ ሐኪሞች ፕሮፕራኖሎል የተባለው የቆየ የልብ መድኃኒት ሄማንጂዮማን በፍጥነት እንደሚያከስም ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ኢንተርፌሮን ቦታውን ለቀቀ። ስለዚህ መድኃኒት ሠራ ወይስ አልሠራም ብሎ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ በአንድ ቃል የሚመለስለት አይመስለኝም። ሠርቷል፤ ሕይወት አትርፏል፤ ጉዳትም ነበረው፤ የተሻለ ሲመጣም ተተካ።

ዜናው የወጣ ዕለት

የእኛ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በፎልክማን ላቦራቶሪ ማይክል ኦራይሊ ከአይጥ ሽንት አንጂዮስታቲን የተባለውን ደም ሥር አጋጅ አግኝቶ በ1994፣ ኢንዶስታቲን የተባለውን ደግሞ በ1997 አሳተመ። በአይጦች ላይ የነበሩ እባጮች ሟሽሸው በዓይን የማይታዩ ሆኑ። በኅዳር 1997 ውጤቱ በታወቀ የሳይንስ መጽሔት ሲወጣ ኒው ዮርክ ታይምስ በውስጥ ገጹ ዘግቦት አለፈ፤ ብዙም አልተወራም።

ከአምስት ወር በኋላ፣ እሑድ ግንቦት 3 ቀን 1998፣ ያው ጋዜጣ ያንኑ ነገር በፊት ገጹ አወጣው። አንድ የኖቤል ተሸላሚ ሳይንቲስት ፎልክማን በሁለት ዓመት ውስጥ ካንሰርን ይፈውሳሉ ማለታቸውም ተጽፎ ነበር፤ ሰውየው በኋላ አባባሌ እንዲያ አልነበረም ብለው ለጋዜጣው ደብዳቤ ጻፉ። ሰኞ ጠዋት መድኃኒቶቹን ለመሥራት የተዋዋለው ኤንትሪሜድ የተባለ ኩባንያ አክሲዮን ዓርብ ከነበረበት 12 ዶላር ገደማ ወደ 85 ዶላር ተተኮሰ፤ ማታ ላይ ወደ 52 ዶላር ወርዶ ተዘጋ። በሁለቱ ዜናዎች መካከል የተጨመረ አዲስ ግኝት አልነበረም። የተለወጠው ገጹና ርእሱ ብቻ ነው። የኢኮኖሚ ምሁራን ሳይቀሩ ጉዳዩን አጥንተው ጽፈውበታል።

ከአክሲዮኑ በላይ የሚያሳዝነው የበሽተኞቹ ነገር ነው። የሆስፒታሉ ስልክ ተጨናነቀ፤ መድኃኒቱን ስጡን የሚሉ በሽተኞችና ወላጆች በሺዎች ደወሉ። መድኃኒቱ ግን ገና ለአንድ ሰው እንኳ አልተሰጠም፤ የሚበቃ መጠንም አልተሠራም። ፎልክማን ቀድሞም ቢሆን ከአይጥ ያለፈ ተስፋ አልሰጡም ነበር። በሽተኛው አይጥ ከሆነ በደንብ ማከም እንችላለን እያሉ ይቀልዱ ነበር፤ ቀልድ ቢመስልም ማስጠንቀቂያ ነው። እርሳቸው ለሚደውሉላቸው በሽተኞች ራሳቸው መልሰው በመደወልም ይታወቃሉ። የረቢው ምክር ማለት ይኼ ነው።

እኛስ ጋ? በሰፈራችን የሚኖሩ አንዲት እናት አንድ ፕሮግራም ላይ ካንሰር የሚያድን አዲስ መድኃኒት ተገኘ ሲባል ሰምተው፣ የሆስፒታል ቀጠሮአቸውን ትተው መድኃኒቱን በየፋርማሲው ሲጠይቁ ከርመዋል። መድኃኒቱ የተፈተነው በአይጥ ላይ እንደነበር ማንም አልነገራቸውም። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የጎደለው። እማማ ሲጠይቁኝ ምን ብዬ እንደምመልስላቸው ጨንቆኝ ነበር። የጎደለችዋ ዓረፍተ ነገር የምን ያህል ሰው ሦስት ወር እንደምትወስድ ያኔ ነው የገባኝ።

ከዜናው በኋላ

ከዚያ የመጣው ሌላ ፈተና ነው። በ1998 መጨረሻ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ሳይንቲስቶች የፎልክማንን ውጤት በራሳቸው ላቦራቶሪ መድገም እንዳቃታቸው ተሰማ። ትናንት ያነገሡአቸው ወዲያው ጥርጣሬ ጀመሩ። ፎልክማን አልተጣሉም፤ የተቋሙን ሰዎች ወደ ቦስተን ጋብዘው አብረው እንዲሠሩት አደረጉ። በየካቲት 1999 የተቋሙ ሳይንቲስቶች የኢንዶስታቲኑን ውጤት ደገሙት። በዚያው ዓመት ኢንዶስታቲን በሰው ላይ መፈተን ጀመረ። ጉዳቱ ትንሽ ነበር፤ ግን እንደ አይጡ እባጩን አላሟሸሸም። በ2005 ቻይና የተሻሻለውን ዓይነት ለሳንባ ካንሰር ፈቀደች።

ሐሳቡ ራሱ ግን አሸነፈ። በየካቲት 2004 አሜሪካ አቫስቲን የተባለውን፣ ደም ሥርን የሚጠራውን መልእክት የሚያግድ መድኃኒት ለተሠራጨ የትልቁ አንጀት ካንሰር ፈቀደች። መድኃኒቱ የተሠራው በሌላ ኩባንያ፣ በናፖሊዮን ፌራራ ግኝት ላይ ተመሥርቶ ነው። በጥናቱ ኬሞቴራፒ ብቻ ያገኙት በሽተኞች መካከለኛ ዕድሜ 15.6 ወር ሲሆን፣ አቫስቲን የተጨመረላቸው ደግሞ 20.3 ወር ነበር። አምስት ወር የማይሞላ ልዩነት ነው። በ1998 ከተነገረው ፈውስ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ አምስት ወር ከልጆቹ ጋር ለሚቆይ አባት ግን ትንሽ አይደለም። ይኸው መድኃኒት በ2008 ለጡት ካንሰር ተፈቅዶ በ2011 ፈቃዱ ተነሥቷል። በዓይን ሕክምና በኩል ደግሞ የዚህ ወገን መድኃኒቶች በእርጅና ምክንያት በዓይን ውስጥ ደም ሥር የሚበቅልባቸውን ሰዎች ከዓይነ ስውርነት አድነዋል።

ዶክተር ፎልክማን ጥር 14 ቀን 2008 ወደ ሳይንሳዊ ጉባኤ ሲጓዙ በአውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ በልብ ሕመም አረፉ። የ74 ዓመት ሰው ነበሩ። አውሮፕላን ማረፊያው የሚገኘው በዴንቨር ነው፤ ያ ታዳጊ ልጅ በኢንተርፌሮን በዳነበት ከተማ። የኖቤል ሽልማት ሳያገኙ ሞቱ።

እኔ ከሕይወታቸው የወሰድኩት አንድ ነገር ነው። እኚህ ሰው አንድን ነገር ከሳህን ወደ እንቁላል፣ ከእንቁላል ወደ ጥንቸል ዓይን፣ ከዚያ ወደ አይጥ፣ ከአይጥ ወደ ሰው እያሉ፣ በየደረጃው ቆመው እየጠየቁ ኖሩ። ዜናው ግን ከአይጥ ተነሥቶ በአንድ ሌሊት ሰው ላይ ዘለለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላል ያገራችን ሰው፤ እዚህ ግን አፍሳሹና ለቃሚው አንድ አይደሉም። የሚያፈሰው ጋዜጠኛው ነው፤ የሚለቅመው በሽተኛው። ስለዚህ ነገ በየሚዲያው የምንበተን የዚህ ዲፓርትመንት ልጆች፣ መድኃኒት ተገኘ የሚል ወረቀት ጠረጴዛችን ላይ ሲመጣ ርእስ ከማውጣታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ በምን ላይ ተፈተነ? በስንት ላይ? ሌላ ሰው ደግሞታል? መልሱን ዜናው ውስጥ፣ ያውም ከላይ፣ እንጻፈው። ከዚያ በኋላ የሚያነበው ሰው ተስፋውን ራሱ ይመዝን።

ቸር እንሰንብት።